ቀለምና ነፍጥ በባሌ ደጋ

አንድ ሰው ወደ ውትድርና ከመግባቱ በፊት የቀሰመው ትምህርት በአገልግሎቱ ዘመን የሚኖረውን ስኬት ምን ያህል ይወስናል የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመረመር የቆየ ነው፤ በባሌ ደጋ ግን ጥያቄው ከመሬት ይዞታ፣ ከቋንቋና ከአስተዳደር ታሪክ ጋር ተጣምሮ ስለሚገኝ ለብቻው ነጥሎ ማየት አይቻልም። ምልምል የሚባለው ለውትድርና ተመርጦ ሥልጠና የጀመረ፣ ነገር ግን ገና በጦር ክፍል ያልተመደበ ሰው ነው። የአገልግሎት ስኬት ደግሞ በሦስት ነገሮች ሊለካ ይችላል፤ እነርሱም ሥልጠናውንና የአገልግሎት ዘመኑን ሳያቋርጥ መፈጸሙ፣ በተመደበበት ሙያ ብቁ ሆኖ መገኘቱና በማዕረግ ማደጉ ናቸው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ተቆጥረው ይነገራሉ። የጎባ፣ የሮቤና የአካባቢያቸው ታሪክ የሚያሳየው ግን የቀለም ትምህርት በማዕረግ ዕድገት ላይ እጅግ የበረታ፣ በሙያ ብቃት ላይ እንደ ሥራው ዓይነት የሚለያይ፣ በጽናት ላይ ደግሞ ብቻውን ሲቆም ደካማ ኃይል እንደ ነበረው ነው።

ጎባ ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ አርሲንና ባሌን ለአፄ ምኒልክ ባስገበሩበት ዘመን ማግስት የጦር ሰፈር ሆና ያደገች፣ በባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ 14 ኪሎ ሜትር ርቃ በሰፊው ሜዳ ላይ የተቀመጠችው ሮቤ የገበያና የእህል ከተማ ሆና ቆይታ ኋላ የአስተዳደሩን መንበር ወስዳለች። በዚያ የመጀመሪያ ዘመን ወታደር የሚባለው ነፍጠኛው ነበር፤ ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ሲሆን፣ ነፍጠኛ ማለትም ጠመንጃ ይዞ በአገልግሎቱ ምትክ በገባር ጉልበትና ምርት የሚተዳደር ሰው ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎት ፊደል መቁጠር መመዘኛ አልነበረም። የሚመዘነው በትውልድ፣ ለጌታው ባለው ታማኝነት፣ በፈረስ ግልቢያና በተኩስ ችሎታ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍና መዝገብ መያዝ ሲያስፈልግ ያን የሚሠራ ጸሐፊ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይመጣ ነበር። ጽሕፈትና ውጊያ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆናቸው እንደ ጉድለት አይታይም ነበር፤ የዘመቻው ስፋትና የጦር መሣሪያው ዓይነት ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ እንዲጣመሩ ገና አላስገደደምና።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር መጠቀስ ይገባዋል። ባሌ ፊደል የማያውቅ ሕዝብ አገር አልነበረም። በድሬ ሼክ ሁሴን ዙሪያ ለዘመናት የዳበረው የእስልምና ትምህርት ቁርኣን የሚያነቡ፣ በዐረብኛ የሚጽፉ፣ የሃይማኖት ሕግ የሚተረጉሙ ሰዎችን አፍርቷል፤ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም ወጣቱን በዕድሜ እርከን አደራጅቶ የመምራትንና የመታዘዝን ሥርዓት ያስተምረው ነበር። የመንግሥት ሠራዊት ግን ከእነዚህ አንዱንም እንደ ትምህርት ቆጥሮ በምልምሉ መዝገብ ላይ አላሰፈረም። በመሆኑም በኋለኛው ዘመን ከባሌ ገጠር የመጣ ምልምል «ያልተማረ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ቃሉ የሰውየውን እውቀት ሳይሆን መዝጋቢው የሚያውቀውን የትምህርት ዓይነት ወሰን ይገልጽ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርትን ለመኮንንነት ቅድመ ሁኔታ ያደረገው የመጀመሪያው ተቋም በጥር 1927 ዓ.ም. በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን የመሩት በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚታዘዙ ስዊድናውያን መኮንኖች ሲሆኑ፣ ማስተማሪያው ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ እጩ መኮንኖቹ በአብዛኛው ከተፈሪ መኮንንና ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤቶች ተመለመሉ። ምርጫው የተደረገው ተማሪው የተሻለ ተዋጊ ይሆናል በሚል ግምት ሳይሆን መምህሩን መስማት የሚችለው እርሱ ብቻ በመሆኑ እንደ ነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በትምህርትና በውትድርና መካከል የተዘረጋው የመጀመሪያው ድልድይ ቋንቋ ነበር ማለት ነው። ሥልጠናው ሳያልቅ የጣልያን ወረራ ደረሰ። ወጣቶቹም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጠላትን ለመግታት ወደ ጣርማበር ወጡ፤ ከዚያም ከፊሎቹ በምዕራብ ኢትዮጵያ የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው ትግሉን ቀጠሉ።

በተመሳሳይ ጊዜ የባሌ ጦር በገዥው በደጃዝማች በየነ መርዕድ እየተመራ በደቡብ ግንባር ተሰልፎ ነበር። ይህ ጦር የአሮጌው ሥርዓት ሠራዊት ነበር፤ ካርታ አንብቦ መድፍ የሚያነጣጥር፣ በሬዲዮ የሚነጋገር ክፍል አልነበረውም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የቴክኒክ ሰው አጥሮት፣ በአንጻሩ አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ጠላት ገጥሞታል። ጽናት ግን አላጠረውም። ደጃዝማች በየነ ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ እንኳ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ሆነው እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ተዋግተው፣ በመጨረሻ በጣልያኖች እጅ ወድቀው ተገደሉ። የሆለታውን እጩ መኮንንና የባሌውን ዘማች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ታሪክ አንባቢ፣ አንደኛው በትምህርቱ ሌላው በልማዱ ቢለያዩም በጽናት ረገድ ሊያበላልጣቸው አይችልም።

ወረራው በትምህርትና በሠራዊት ግንኙነት ላይ ያሳደረው ትልቁ ጉዳት ከጦር ሜዳው በኋላ የመጣ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው የእጅ ቦምብ በኋላ ጣልያኖች የተማሩ ወጣቶችንና የሆለታ እጩ መኮንኖችን እየለዩ ፈጁ። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ ሠራዊቱ እንደገና ሲቋቋም ወደ ማዕረግ የመጡት ከሞት የተረፉ ጥቂት የቀድሞ እጩ መኮንኖች፣ ከስደት የተመለሱ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወጣትነታቸውን በትምህርት ገበታ ሳይሆን በዱር ያሳለፉ አርበኞች ሆኑ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ፣ ከ1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ስምምነት ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ አማካሪዎች ሠራዊቱን ሲያደራጁ፣ የሥራው ባሕርይ ራሱ ተለወጠ። መድፈኛ የማዕዘን ስሌት ይሻል፤ የመገናኛ ሠራተኛ ምስጢራዊ ቁልፍ ያነባል፤ መሐንዲስ ፈንጂ ሲቀብር የቀበረበትን በካርታ ላይ ያሰፍራል፤ የንብረት ክፍል ሹም ገቢና ወጪ ይመዘግባል። በእነዚህ ክፍሎች ትምህርት ጌጥ ሳይሆን የሥራው መሣሪያ ነበር፤ በእግረኛ ተራ ግን የባሌ እረኛ ልጅ ገደል መውጣት፣ ብርድ መቻል፣ ኮቴ ተከትሎ አቅጣጫ ማወቅ ከማንኛውም የክፍል ውጤት የሚበልጥ ዋጋ ነበረው።

ወደ መኮንንነት የሚወስዱት በሮች ግን ሁለት ሆነው ተለያዩ። በ1950 ዓ.ም. በሕንዳውያን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ የጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለሦስት ዓመት ያሠለጥን ነበር፤ ሆለታ በአንጻሩ ከሠራዊቱ ውስጥ የተነሡ፣ የቀለም ትምህርታቸው አነስተኛ የሆነ ባለሌላ ማዕረጎችን፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያሉትን አሥር አለቆችና ሃምሳ አለቆች ጭምር፣ በአጭር ጊዜ ለመኮንንነት ያበቃ ነበር። በሁለቱ ተመራቂዎች መካከል የነበረው መናናቅ በሠራዊቱ ውስጥ የታወቀ ነገር ነበር። የሐረሩ መኮንን ሆለታን ትምህርት የጎደለው አድርጎ ሲያይ፣ የሆለታው ደግሞ ሐረርን ወታደሩን የማያውቅ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ሁለቱም በከፊል ትክክል ነበሩ። በዚህ ክፍፍል ውስጥ የባሌ ልጅ ዕድል ጠባብ ነበር። ባሌ እስከ 1952 ዓ.ም. ድረስ በሐረርጌ ሥር ሆና ቆይታ በዚያ ዓመት ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ትምህርት ቤቶቿ እጅግ ጥቂትና በከተሞች የተሰበሰቡ ነበሩ፤ የማስተማሪያው ቋንቋም ለአብዛኛው የገጠር ሕፃን ባዕድ የሆነ አማርኛ ነበር። የሐረርን በር ለማንኳኳት አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል፤ እዚያ መድረስ ደግሞ በብዙ ገንዳ፣ ማለትም በብዙ የኦሮሞ መንደር፣ ለተወለደ ልጅ ከተማ ላይ ዘመድ ማግኘትን ይጠይቅ ነበር።

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው የባሌ ገበሬዎች አመፅ ይህን ሁሉ ለፈተና አቀረበው። አመፁ የተነሣው ከመሬት ልኬታ፣ ከግብርና ከአስተዳደር በደል ሲሆን፣ ከመሪዎቹ ስመ ጥሩ ዋቆ ጉቱ ነበሩ። የመንግሥት ወገን ዘመናዊ ሥልጠና ያገኙ መኮንኖችና አውሮፕላን ነበሩት፤ ከእነርሱም ጎን ከየአካባቢው የተሰበሰበው፣ መደበኛ ሥልጠና የሌለው ነጭ ለባሽ የሚባለው ረዳት ኃይል ተሰልፏል። ያም ሆኖ ሠራዊቱ በባሌ ቆላ ጫካና ሸለቆ ውስጥ ገበሬውን ተዋጊ ፈጥኖ ማሸነፍ አልቻለም፤ ምክንያቱም አካዳሚ ያስተማረው የካርታ ንባብ የውኃ ጉድጓዱን ባለቤት፣ የመንገዱን መሪና የሕዝቡን ቅሬታ አያሳይም ነበርና። ነገሩ ወደ ፍጻሜ የደረሰው በብዙ ወታደራዊ ግፊትና በድርድር ሲሆን፣ በድርድሩ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ናቸው። ጄኔራል ጃገማ በጣልያን ወረራ ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በግንደ በረትና በአካባቢው አርበኞችን የመሩ፣ ኦሮምኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ የጦር ሰው ነበሩ፤ ዋቆ ጉቱም በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጥተው ምሕረት አገኙ፣ የፊታውራሪነት ማዕረግም ተሰጣቸው። ዓመታት የፈጀውን ጦርነት ለመዝጋት ከረዱት ነገሮች አንዱ የጠላትን ቋንቋና ክብር ማወቅ መሆኑ፣ «የተማረ መኮንን» የሚለው ቃል ምን ማካተት እንደ ነበረበት በግልጽ ያሳያል።

በሌላው ዓለም የተደረጉት ጥናቶች ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የሚሰጡት ትምህርት ጥንቃቄ ይሻል። አሜሪካውያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ምልምሎችን «አልፋ» እና «ቤታ» በተባሉ ፈተናዎች ሲመዝኑ፣ ቤታን ያዘጋጁት ማንበብ ለማይችሉ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ የፈተና ውጤታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች እንዲገቡ ሲፈቅዱ፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የበለጠ ድጋሚ ሥልጠና እንዳስፈለጋቸውና ዕድገታቸውም እንደ ዘገየ ታየ። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተረጋገጠው ግኝት የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያለው ምልምል የመጀመሪያውን የአገልግሎት ዘመን ሳያቋርጥ የመጨረስ ዕድሉ ዲፕሎማ ከሌለው እጅግ የላቀ መሆኑ ነው። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ግን ዲፕሎማው የሚመሰክረው እውቀትን ብቻ ሳይሆን የጀመሩትን ነገር የመፈጸም ጠባይን ነው የሚል ነው። ይህ ማብራሪያ የሚሠራው ትምህርት ቤት በየሰፈሩ በሚገኝበትና ትምህርት የሚቋረጠው በአብዛኛው በተማሪው ጠባይ ወይም በቤቱ ችግር ምክንያት በሆነበት አገር ነው። በአመፁ ዘመን በባሌ ደጋ ከሦስተኛ ክፍል የወጣ ልጅ የወጣው አራተኛ ክፍል የሚባል ነገር በአካባቢው ስላልነበረ፣ ወይም ከብት ጠባቂ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ አለመኖር ስለ ጽናቱ አንዳች አይናገርም፤ እንዲያውም በየዕለቱ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ እየተመላለሰ አራት ዓመት የተማረ ልጅ፣ ከተማ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ከተማረው የበለጠ የጽናት ማስረጃ አለው።

የትምህርትና የታዛዥነት ዝምድናም ቀጥተኛ አይደለም። በጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ከባሌ ደቡብ ምዕራብ በነገሌ ቦረና የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውኃ እጦት ምክንያት ባመፁ ጊዜ፣ ሊያነጋግሯቸው የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የእነርሱን ምግብ እንዲበሉ አስገደዱ። አመፁ የተራ ወታደሮችና የባለሌላ ማዕረጎች ነበር። ከሳምንታት በኋላ የአየር ኃይል ቴክኒሻኖች በደብረ ዘይት፣ ቀጥሎም በአሥመራ ያለው ክፍለ ጦር ተነሣ፤ ወሬውም ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዛመት ዋናው መንገድ የሠራዊቱ ሬዲዮ ነበር። ሠራዊቱ ማንበብና መጻፍ፣ መልእክት ማስተላለፍ ያስተማራቸው ሰዎች ደመወዛቸውን ከሌላው ጋር ለማነጻጸርና አቤቱታቸውን በጽሑፍ ለማቅረብ ችሎታ አግኝተው ነበር፤ ስለዚህ ትምህርት ለሠራዊቱ ብቃትን ሲጨምር ጥያቄንም አብሮ ጨመረ። በሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ኮሚቴ ደርግም ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉትን ብቻ ያሰባሰበ ነበር።

የሶማሊያ ጦር በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የባሌ ቆላ ትልቅ ክፍል በወራሪው እጅ ወደቀ፤ ጎባና ሮቤ ያሉበት ደጋ ግን ከመንግሥት እጅ አልወጣም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የተላለፈውን የእናት አገር ጥሪ ተከትሎ በአዲስ አበባ ምዕራብ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወራት የሠለጠነው ሚሊሽያ በአብዛኛው ከእርሻ በቀጥታ የመጣ ገበሬ ነበር። በዚያ ዘመን ከአገሪቱ ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ ማንበብ የማይችል ስለ ነበረ፣ በምልመላው ትምህርትን መመዘኛ ማድረግ ጦሩን አለማቋቋም ማለት ነበር። ይህ ጦር መጀመሪያ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት፤ ከመደበኛው ጦርና ከኩባ ወታደሮች ጋር ተቀናጅቶ ሲዋጋ ግን በየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ካስለቀቀው ድል ተካፋይ ሆነ። ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ያልተማረ ምልምል ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ ያልተማረ ምልምል የሚማርበት ጊዜና የሚያስተምረው የበታች ሹም ከተነፈገው ዋጋውን በሕይወቱ ይከፍላል የሚል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በባሌ የተካሄደው ነገር የዚህ ታሪክ እጅግ የበለጸገው ክፍል ነው። መንግሥት ከሸማቂዎች ጋር በሚደረገው ትግል ሕዝቡን ከተበታተነበት ሰብስቦ በመንደር የማስፈር ሥራን ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ቀድሞ በባሌ ጀመረ፤ በየመንደሩም ገበሬ ማኅበር፣ የታጠቀ የአካባቢ ሚሊሽያና የትምህርት ጣቢያ አብረው ተቋቋሙ። በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። ስለዚህ የሲናና ወይም የአጋርፋ ወረዳ ገበሬ ቀን ጠመንጃ ይዞ መንደሩን ሲጠብቅ ውሎ ማታ በኩራዝ ብርሃን በራሱ ቋንቋ ፊደል ይቆጥር ጀመር፤ ያ ፊደል ደግሞ የሠራዊቱ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፊደል በመሆኑ፣ አማርኛው ባይገባው እንኳ ስሙን፣ የመሣሪያውን ቁጥርና የቦታውን ስም አንብቦ መለየት ቻለ። መንደር ምሥረታው ብዙ ሰው ከቀዬው በግድ ያፈናቀለ መሆኑ ሊደበቅ አይገባም። ቢሆንም በዚያ የመከራ ዘመን የተገኘችው ያቺ ትንሽ ንባብ፣ ትምህርት ከውትድርና በፊት ብቻ ሳይሆን በውትድርናው ውስጥም ሊገኝ እንደሚችል ታስረዳለች።

በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ግዴታ ጣለ። ኮታው በቀበሌና በገበሬ ማኅበር በኩል ሲከፋፈል፣ ኮታ ሊሞላ ሲል አፈሳ፣ ማለትም ወጣቱን ከገበያና ከመንገድ በድንገት መያዝ፣ የተለመደ ሆነ። የተማረውም ያልተማረውም ያለ ፍላጎቱ ሲሰለፍ በሁለቱ መካከል የነበረው የብቃት ልዩነት ትርጉሙን አጣ፤ ሠራዊቱ በ1980 ዓ.ም. በአፋቤት፣ በ1981 ዓ.ም. በሽሬ የደረሰበት ሽንፈት የምልምሉ የትምህርት ደረጃ ውጤት ሳይሆን የአመራር፣ የስንቅና የመንፈስ ውድቀት ነበር። ከግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላም በከፍተኛ ትምህርትና በረጅም ልምድ የበሰሉ ጄኔራሎች ተገደሉ። በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች ከክፍላቸው ተነሥተው ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ በአገሪቱ ታሪክ በቀለም ትምህርት ከሁሉ የላቀው የምልምል ስብስብ ምናልባት ይህ ነበር። የአገሪቱ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 13 ቀን ብላቴን ሊጎበኙ ነው ተብሎ ተሳፍረው አውሮፕላኑ ወደ ናይሮቢ ካቀና በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ከሠልጣኞቹም ብዙዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ተሰደዱ።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በባሌ የትምህርት መልክ ከሥሩ ተለወጠ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ፣ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል መሰጠት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶች ወደ ገጠር ወረዱ፤ በ1999 ዓ.ም. በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የብሔሮችን፣ የብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትት ሲደነግግ፣ አንቀጽ 5 ደግሞ አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገ። በሁለቱ አንቀጾች መካከል የሚቆመው የባሌ ምልምል አያቱ በኩራዝ ብርሃን የተማሩትን ፊደል ብዙም ሳይለማመድ ያደገ፣ በቁቤ ያነበበ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ነው። በምልመላ ማስታወቂያ የሚጠየቀውን የክፍል ደረጃ ያለ ችግር ያሟላል፤ ወደ ማሠልጠኛው ከገባ በኋላ ግን የሰልፉን ትእዛዝ፣ የመሣሪያውን ክፍሎች ስምና የጥበቃ መዝገቡን በአማርኛ ይቀበላል፤ አሠልጣኙም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመዝነው የወጣቱን እውቀት ይሁን የወጣቱን አማርኛ ለመለየት፣ ሆለታ ላይ ፈረንሳይኛ የሚሰማ ተማሪ ፍለጋ በተወጣበት በ1927 ዓ.ም. እንደ ነበረው ሁሉ፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቅ ሃምሳ አለቃ ከጎኑ ያስፈልገዋል።